የኤሌክትሮኖች ኅብረት ታሪክ

የአንድን ሰው ጠባይ ለይቶ ያወቀ ሁሉ የሸንጎን ጠባይ ዐወቀ አይባልም። ሰው ብቻውን ሲሆን የማያደርገውን ከሌሎች ጋር ሲቆም ያደርገዋልና። ይህ ነገር በሰው ብቻ የሚታይ ቢመስልም፣ እጅግ ረቂቅ በሆነው በኤሌክትሮንም ዘንድ እንዲሁ መሆኑን ለመረዳት የፊዚክስ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የዚህን ምርምር ታሪክ ከመነሻው አንሥተን እስከ ዘመናችን እናደርሰዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኤሌክትሪክ በመዳብ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሮኖች ስለሚንቀሳቀሱ ነው። በ1928 ፌሊክስ ብሎክ፣ አንድ ኤሌክትሮን በሥርዓት በተደረደሩ አቶሞች መካከል እንዴት እንደሚያልፍ አስረዳ። በ1931ም እንግሊዛዊው አላን ዊልሰን በዚሁ መሠረት ላይ ቆሞ፣ አንዳንዱ ነገር ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፍበትን፣ ሌላው የማያስተላልፍበትን ምክንያት ገለጠ። የትምህርቱ ፍሬ ነገር፣ ለኤሌክትሮኖች የተመደበው ስፍራ በሙሉ ከተያዘ እንቅስቃሴ የለም፤ ከፊሉ ባዶ ከሆነ ግን ኤሌክትሪክ ያልፋል የሚል ነው። በዚህ ስሌት እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሚቈጠረው ባልንጀሮቹ እንደሌሉ ያህል ነበር። እንደዚህም ሆኖ ትምህርቱ መዳብንና አልማዝን፣ ሲሊከንንም በሚገባ ስላስረዳ፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥበብ ተደላድሎ ሊገነባበት ቻለ።

ነገር ግን በ1937 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ በተደረገው ጉባኤ፣ ደ ቡርና ፈርዌይ የተባሉ ሁለት የሆላንድ ሊቃውንት አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይዘው ቀረቡ። ኒኬል ኦክሳይድ በስሌቱ መሠረት ባዶ ስፍራ ስላለው ኤሌክትሪክን ማስተላለፍ ይገባው ነበር፤ ሲለካ ግን አያስተላልፍም። ይህን የሰማው ሩዶልፍ ፓየርልስ፣ ምክንያቱ የኤሌክትሮኖች እርስ በርስ መገፋፋት ሳይሆን አይቀርም አለ። የብሪስቶሉ ሊቅ ኔቪል ሞትም ሐሳቡን ተቀብሎ አስፋፋው፤ በ1949 በሰፊው ጻፈበት።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ እያንዳንዱ ሁለት ሰው የሚይዝ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱም ላይ አንድ አንድ ሰው ተቀምጧል እንበል። ወንበሩን ብቻ የሚቈጥር ሰው፣ ግማሹ ስፍራ ባዶ ነውና ሁሉም እንደ ልቡ ሊዘዋወር ይችላል ይላል። ሰዎቹ ግን የተጣሉ ቢሆኑና ማንም ከማንም አጠገብ መቀመጥ ባይፈቅድ፣ አንድም ሰው ከስፍራው ሊዛወር አይችልም። በኒኬል ኦክሳይድ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው።

በ1963 ጆን ሀባርድ፣ ማርቲን ጉትዝዊለርና ጁንጂሮ ካናሞሪ በየራሳቸው መንገድ ሄደው ይህንኑ ጉዳይ በአጭር የሒሳብ አነጋገር ጻፉት። በዚያ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይመዘናሉ፤ አንደኛው ኤሌክትሮን ከስፍራ ወደ ስፍራ የመሄድ ዝንባሌው ነው፤ ሁለተኛው መገፋፋቱ ነው። አጻጻፉ ቀላል ሲሆን፣ ለአንድ ስስ ንጣፍ እንኳ የተሟላ ፍች እስከ ዛሬ አልተገኘለትም።

ጉዳዩን ይበልጥ ያከበደው የ1986 ግኝት ነው። አስቀድሞ በ1911 ካመርሊንግ ኦንስ በላይደን ከተማ ባዜቃን ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያቀዘቅዘው፣ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች እንቅፋት ሲያልፍበት አይቶ ነበር። ይህም ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ይባላል። በ1957 ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር ምክንያቱን አስረዱ። በ1986 ግን ቤድኖርዝና ሚውለር በስዊስ አገር፣ ከመዳብና ከኦክሲጅን በተሠራ ውሕድ ውስጥ፣ ይኸው ጠባይ ከቀድሞው ሁሉ በላቀ ሙቀት እንደሚገኝ አሳዩ። የውሕዱም እናት ሞት እንዳስረዳው ዓይነት የማያስተላልፍ ነገር ነበረች። የሚገፋፉት ኤሌክትሮኖች እንዴት ተስማሙ? ይህን ለመመርመር የኤሌክትሮኑን ቍጥር መለወጥ ያስፈልጋል፤ ቍጥሩን ለመለወጥ ደግሞ ውሕዱን እንደገና መሥራት ግድ ስለ ነበረ፣ ሥራው እጅግ አድካሚ ሆነ።

መፍትሔው ካልተጠበቀ ስፍራ መጣ። በ2004 ጋይምና ኖቮሴሎቭ በማንቸስተር፣ ለእርሳስ መሥሪያ ከሚያገለግለው ከግራፋይት ላይ በተራ ማጣበቂያ ፕላስተር እየላጡ፣ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ ንጣፍ አገኙ። እርሱም ግራፊን ነው። ግራፊን ብቻውን ሲሆን ኤሌክትሮኖቹ በፍጥነት ስለሚሮጡ መገፋፋታቸው እምብዛም አያግዳቸውም።

አንባቢ ሁለት ስስ ነጠላ ደርቦ፣ የላይኛውን ጥቂት ዘወር አድርጎ በብርሃን ላይ ቢመለከት፣ በአንዱም በሌላውም ነጠላ ላይ የሌለ ሰፊ የማዕበል ጥለት ያያል። ሁለት የግራፊን ንጣፎችም እንዲሁ ዘወር ተደርገው ሲደረቡ አዲስ ጥለት ይወጣል። በ2011 ራፊ ቢስትሪትዘርና አለን ማክዶናልድ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስቲን ሒሳቡን ሠርተው፣ ማዕዘኑ 1.1 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የኤሌክትሮኖቹ ሩጫ ሊቆም እንደሚቃረብ ተነበዩ። ሩጫው ሲዳከም መገፋፋቱ ጌታ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን በእጅ ለመሥራት እጅግ ጥንቃቄ ያሻል። በኋላ ግን አንዱን ንጣፍ ለሁለት ቀዶ፣ ግማሹን አዙሮ በግማሹ ላይ የመደረብ ጥበብ ተገኘ። በ2018 ፓብሎ ሃሪዮ ሄሬሮና ተማሪው ዩዋን ካዎ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ውጤቱን አወጡ። በጥለቱ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ከ10,000 በላይ አቶሞች ሲኖሩ፣ ሁለት ተጨማሪ ኤሌክትሮኖች ወይም ሁለት ጕድለቶች ሲደርሱ ንጣፉ ማስተላለፉን አቆመ። ቍጥሩን ከዚያ ጥቂት ቢያዛንፉት ደግሞ፣ ከፍጹም ዜሮ በላይ 1.7 ዲግሪ ላይ ሱፐርኮንዳክተር ሆነ። ውሕድ እንደገና መሥራት አላስፈለገም፤ ቮልቴጁን ከፍና ዝቅ ማድረግ በቂ ነበር። ስለዚህም በ2020 ቢስትሪትዘር፣ ማክዶናልድና ሃሪዮ ሄሬሮ የዎልፍ ሽልማትን ተካፈሉ።

እንዲህ ባለው ቅዝቃዜ የሚሠራ ነገር ለከተማ መብራት ሽቦ እንደማይሆን የታወቀ ነው። ጥቅሙ ለምርመራ ነው፤ በ1937 የተነሣው ጥያቄ አሁን በአንድ ስስ ንጣፍ ላይ፣ እንደ ፈቃዳችን እየለዋወጥን የምንጠይቀው ሆኗል። በዚህ ንጣፍ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን የሚያጣምራቸው ኀይል ምን እንደ ሆነ ግን ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ፣ የኅብረት ኀይል በአንዱ ክር ውስጥ ተፈልጎ እንደማይገኝ መናገራቸው ነው። ተማሪዎቻችንም የኤሌክትሮንን ክብደትና ሙል በቃል ካጠኑ በኋላ ትምህርቱ ያለቀ እንዳይመስላቸው እንመክራለን። ኤሌክትሮን ብቻውን ሲሆን በሚገባ የታወቀ ነው፤ ብዙ ሆኖ ሲገኝ የሚሠራው ሥራ ግን መርማሪውን ገና ይጠብቃል።