የድል መታሰቢያ ቀን አመራረጥ፤ መጋቢት 28 ወይስ ሚያዝያ 27

ኢትዮጵያውያን ያለፈን ነገር በቀን ለይተው ማሰብ የጀመሩት መንግሥት የበዓል ዐዋጅ ከማውጣቱ እጅግ አስቀድሞ ነው። ሟች በአርባ፥ በሰማንያ፥ በመንፈቅና በሙት ዓመት ይታሰባል፤ ጻድቁም ሰማዕቱም መልአኩም በወር በወሩ የታወቀ ቀን አለው። ባላገሩ የተወለደበትን ዓመተ ምሕረት ባያውቅ እንኳ «በሚካኤል ማግሥት» ወይም «ከክፉ ቀን በኋላ» ብሎ ዘመኑን ይወስናል። የመንግሥት የድል በዓላት የበቀሉት በዚህ መሬት ላይ ስለ ሆነ፥ ከዚህ ልማድ ጋራ የተስማማው ቀን ያለ ብዙ ድካም ይታወሳል፤ ያልተስማማው ግን ዐዋጁ እስካለ ድረስ ብቻ ይቆማል።

የዐድዋ ድል ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. እሑድ፥ በወርኃዊው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነው። 23 የሚለው ቍጥር ብቻውን ጊዮርጊስን ስለሚያስታውስ ዕለቱ ከሕዝብ ልብ የሚጠፋ አልሆነም። (በአውሮጳ መጻሕፍት ጦርነቱ ማርች 1 ቀን 1896 ተደረገ ተብሎ ሲነበብ፥ በዓሉ ዛሬ የሚውለው ማርች 2 ቀን መሆኑ ብዙ ተማሪዎችን ያደናግራል። ከሁለቱ አንዱም ስሕተት የለበትም። የጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ1900 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ስላስቀረ፥ በእርሱና በኢትዮጵያ አቈጣጠር መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ጨምሯል።)

የ1933ቱ ድል ነገር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ዐድዋ በአንድ ቀን የተፈጸመ ሲሆን፥ የኋለኛው ድል ብዙ ወራት የፈጀ፥ በብዙ አውራጃ የተሠራ ስለ ነበረ፥ የትኛው ቀን «የድል ቀን» ይባል የሚለው ጥያቄ የግድ ምርጫ የሚጠይቅ ሆነ። ምርጫውም ድሉ የማን ነው የሚለውን ነገር አብሮ የሚወስን ነው።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ. ም. በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ድንበር ተሻገሩ። መጋቢት 28 ቀን፥ ከኬንያ የተነሣውና በጄኔራል ከኒንግሃም የሚመራው የእንግሊዝ መንግሥት ጦር አዲስ አበባን ከኢጣልያኖች እጅ ተቀበለ። በዚያው ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ገና ደብረ ማርቆስ መግባታቸው ነበረ። ከዚያ ወደ ዋና ከተማው ፈጥነው እንዳይሄዱ እንግሊዞች አዘገዩአቸው፤ የሰጡትም ምክንያት በከተማው ያሉት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ኢጣልያኖች ሕዝቡ እንዳይበቀላቸው ያሠጋል የሚል ነው። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ሆነ። ይህም ማርሻል ባዶልዮ በ1928 ዓ. ም. በሚያዝያ 27 ጦሩን አስከትሎ ወደዚህችው ከተማ ከገባ ልክ አምስት ዓመት የሞላበት ዕለት ነው።

ይህ መገጣጠም ሳይታሰብ የሆነ አይደለም። ጠላት የገባበት ቀን በየዓመቱ የኀዘን ቀን ሆኖ እንዳይኖር፥ ባለቤቱ የተመለሰበት ቀን ሆኖ እንዲሸፈን ተደረገ። የሙት ዓመት ተዝካር ለሚያውቅ ሕዝብ የዚህ ትርጕም ሰፊ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «የአምስት ዓመቱ የጠላት ወረራ» የሚለው አነጋገርም ቀን ሳይጐድል ቀን ሳይተርፍ የተሟላው በዚህ ምክንያት ነው። የሚገርመው ግን እንግሊዞች ባያዘገዩ ኖሮ ሚያዝያ 27 የሚባል የድል በዓል ምናልባት ባልኖረም ነበር።

በዕለቱ ውስጥ ለእንግሊዞች የተላለፈ መልእክትም ነበረ። የእንግሊዝ የጦር አስተዳደር አገሪቱን ከጠላት እንደ ተያዘ ግዛት ሊያስተዳድር ሲዘጋጅ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው በገቡ በሳምንት ውስጥ ሚኒስትሮችን ሾሙ። ስለዚህ ሚያዝያ 27 በኢጣልያ ላይ የተገኘ ድል ብቻ ሳይሆን መንግሥት ያለ ሞግዚት ቆመ የሚል አቤቱታም ነበረ፤ አቤቱታው ለጊዜው ሙሉ መልስ ባያገኝም። በአራት ኪሎ ያለው አደባባይ በዚሁ ቀን ስም መጠራቱና ሐውልት የቆመበት መሆኑ የታወቀ ነው።

ከ1967 ዓ. ም. በኋላ ሥልጣን የያዘው ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛወረ። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ሚያዝያ 27 የንጉሥ መግቢያ ቀን ስለ ሆነ፥ ንጉሡን ያወረደ መንግሥት በየዓመቱ የንጉሡን መመለስ ሊያከብር አይችልም። ለውጡ ከታሪክ አንጻር ፈጽሞ መሠረት የለውም ሊባል አይገባም፤ ዋና ከተማው ከጠላት እጅ የወጣው በእውነት በመጋቢት 28 ነውና። ነገር ግን ሌላ ችግር አመጣ። በዚያን ዕለት ከተማውን የተረከበው የአርበኞች ሠራዊት አልነበረም። ኢምፔሪያሊዝምን የሚያወግዝ መንግሥት ንጉሡን ከበዓሉ ለማስወጣት ሲል ሳያስበው የእንግሊዝን ጦር መግቢያ አከበረ ማለት ነው። ወረራውም በአዲሱ አቈጣጠር ከአምስት ዓመት 29 ቀን ጐደለው። ከደርግ ውድቀት በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ፤ «የአርበኞች ድል ቀን» የሚለው ስያሜም የዕለቱን ክብር ከቤተ መንግሥት ይልቅ በዱር በገደል ለተዋደቀው ወገን የሚያደርግ ነው።

በሁለቱም ቀኖች ቢሆን ጦርነቱ አላለቀም ነበረ። በጎንደር የነበረው የኢጣልያ ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ. ም. ነው። ይህ ቀን የጦርነቱ እውነተኛ ማብቂያ ሲሆን ብሔራዊ በዓል ሆኖ አያውቅም፤ በርካታ አርበኞች በዘመቻው ሲዋጉ የቈዩ ሲሆኑ፥ ዕለቱን የሚያነሡት የጦርነቱን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ጋራ ሲነጻጸር የካቲት 12 የተለየ ነው። በ1929 ዓ. ም. በዚያ ዕለት ግራዚያኒ ለኔፕልስ ልዑል መወለድ ደስታ ለድኆች ምጽዋት ሲያድል፥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት፤ ከዚያም የአዲስ አበባ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። የጠላት በዓል የነበረው ቀን የሰማዕታት ቀን ሆነ። ቀኑን የወሰነው የፈሰሰው ደም ስለ ነበረ፥ መንግሥት ሲለዋወጥ ማንም ሊያዛውረው አልተነሣም። ሚያዝያ 27 ግን ተዛውሮ የተመለሰ ስለ ሆነ፥ የደርግን ዘመን ጋዜጣ የሚያገላብጥ ተማሪ የድል በዓሉን ዜና በሚያዝያ ሳይሆን በመጋቢት መጨረሻ መፈለግ አለበት። የሽማግሌ ቃል የሚቀዳም «በድል በዓል ዕለት» የሚል አነጋገር ሲሰማ፥ ነገሩ የሆነው በየትኛው መንግሥት ዘመን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።