የተጻፈውና በቅጽበት የተፈጠረው፤ የቺካጎ የፈጠራ ሙዚቀኞች ማኅበርና የደራሲነት ጥያቄ

በ1965 ዓ.ም. በሜይ ወር 8ኛ ቀን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በቺካጎ ከተማ በደቡቡ ክፍል፣ በጥሩምባ ነፊው በፊል ኮራን ቤት፣ ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች ተሰብስበው አንድ ማኅበር ስለ ማቋቋም ተመካከሩ። ጉባኤውን የጠሩት ኮራን ራሱ፣ ፒያኖ ተጫዋቾቹ ሪቻርድ አብራምስና ጆዲ ክርስቲያን፣ ከበሮ መቺውም ስቲቭ ማኮል ነበሩ። በእነዚያ የመጀመሪያ ጉባኤዎች የተነገረው በቴፕ ስለ ተቀዳ፣ ኋላ የማኅበሩ አባልና ታሪክ ጸሓፊ የሆነው ጆርጅ ሉዊስ በ2008 ዓ.ም. ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ ክርክሩን ከነመልኩ ለማቅረብ ችሎአል። ከተከራከሩባቸው ነገሮች ዋነኛው «የራስ ሙዚቃ» ሲባል ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ ነበረ።

ጥያቄው ከቃል ጨዋታ የራቀ ነው። ከተሰብሳቢዎቹ ብዙዎቹ እንጀራቸውን የሚያገኙት በምሽት ቤቶች የታወቁ ዘፈኖችን በመጫወት ነበረ። እነርሱን የሚያስፈራው፣ የራስ ድርሰት ብቻ ይቅረብ ከተባለ ማን ይሰማናል፣ ማንስ ይከፍለናል የሚለው ነው። አብራምስ ግን ለሌላው ሥራ ሌላ ቦታ እንዳለ፣ ማኅበሩ የሚቋቋመው አባሎቹ ራሳቸው የደረሱትን እንዲያሰሙ መሆኑን አጥብቆ ተከራከረ። ሐሳቡም ጸደቀ። «የፈጠራ ሙዚቀኞች ዕድገት ማኅበር» የሚለው ስም ተመርጦ፣ ድርጅቱ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በኢሊኖይ ግዛት ሕግ መሠረት ትርፍ የማይሻ ማኅበር ሆኖ ተመዘገበ።

ይህ ውሳኔ እንዲያው የወጣቶች ትዕቢት እንዳይመስል የዘመኑን የሥራ ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። የቺካጎ ሙዚቀኞች እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ በሁለት የሠራተኛ ማኅበር ተከፍለው ነበር፤ ቁጥር 10 የነጮች፣ ቁጥር 208 የጥቁሮች። በደቡቡ ክፍል የነበሩት የምሽት ቤቶችም አንድ በአንድ ይዘጉ ነበር። ከዚህ ሁሉ የበለጠ ግን የደራሲነት ሕግ ነገሩን ያስረዳል። የ1909 ዓ.ም. የአሜሪካ ሕግ የሚያውቀው የተጻፈ ኖታን ነው፤ በሸክላ የተቀዳ ድምፅ በፌዴራሉ ሕግ መጠበቅ የጀመረው ገና በ1972 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አንድ የጃዝ ሙዚቀኛ የሌላውን ሰው ዜማ ለአንድ ደቂቃ ተጫውቶ ከዚያ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ከራሱ ልብ እያፈለቀ ቢነፋ፣ የደራሲው ድርሻ የሚሄደው ለአንዱ ደቂቃ ባለቤት ነበረ። ለነፊው የሌሊቱ ደመወዝ ይበቃዋል ተባለ። በ1940ዎቹ የነበሩት የቢባፕ ሙዚቀኞች ይህን ተረድተው፣ የታወቀውን ዘፈን የስምምነት መሠረት ሳይነኩ በላዩ አዲስ ዜማ እየጻፉ የራሳቸው ያደርጉት ነበር፤ ቻርሊ ፓርከር «ቼሮኪ» በተባለው ዘፈን መሠረት ላይ «ኮኮ»ን መሥራቱ ለዚህ ምሳሌ ነው። የቺካጎዎቹ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፈው መሠረቱም የራሳችን ይሁን አሉ።

ትምህርቱ የተጀመረው ግን ከማኅበሩ በፊት ነው። አብራምስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ «የሙከራ ባንድ» የሚባል የልምምድ ጓድ አቋቁሞ ነበር። እርሱ ራሱ አብዛኛውን ዕውቀቱን በግሉ ያነበበና የጆሴፍ ሺሊንገርን የድርሰት ሥርዓት ያጠና ሰው ነው። ጓዱ ከተመልካች ፊት የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት ነበረ፤ ጥቅሙ ሌላ ነው። ማንኛውም አባል የጻፈውን ይዞ ይመጣል፣ ጓዱም ይጫወትለታል፣ ጸሓፊውም በወረቀት ያሰበው በጆሮ ሲሰማ ምን እንደሚመስል በዚያው ይማራል። ጀማሪ ነው ተብሎ ወረቀቱ የሚመለስበት ሰው አልነበረም። ሮስኮ ሚቸልና ጆሴፍ ጃርማን ከዚህ ጓድ ወጡ። በ1967 ዓ.ም. ማኅበሩ የከፈተው፣ ለሠፈሩ ልጆች ያለ ክፍያ የሚያስተምረው ትምህርት ቤትም የዚሁ ልማድ ቅጥያ ነው።

በዚህ ጓድ የተጻፈው ወረቀት ለተጫዋቹ ሁሉን አይነግረውም። መነሻ ዜማ ይሰጠዋል፣ ወይም የድምፅ ዐይነት ያመለክተዋል፣ ወይም ዝም የሚልበትን ቦታ ይወስንለታል፤ የቀረውን በቅጽበት ይሞላዋል። ይህ መሙላት ሕግ የሌለው ይመስላቸው የነበሩ ብዙዎች ናቸው። ቅኔ ቤት ያለፈ አንባቢ እንዲህ ያለውን ስሕተት አይሳሳትም፤ ባለቅኔ በማኅሌት መካከል ቅኔ ሲዘርፍ ጉባኤ ቃናው ከሁለት፣ መወድሱም ከስምንት ቤት እንደማያልፍ ያውቃልና።

የማኅበሩ የመጀመሪያ ሸክላ ሚቸል በ1966 ዓ.ም. ከአምስት ባልደረቦቹ ጋር ያስቀዳው «ሳውንድ» ነው። ለሸክላው ስያሜ የሆነው ድርሰት በዝግታ በሚሄድ የተጻፈ ዜማ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተጫዋች በየተራው መሣሪያው ሊያወጣ የሚችለውን ሁሉ፣ ትንፋሹንና ጩኸቱን ጭምር፣ ያወጣል፤ ጸጥታውም እንደ ድምፁ ይቈጠራል። ከሚቸል ጋር ጥሩምባ ነፊው ሌስተር ቦዊና ባስ ተጫዋቹ ማላኪ ፌቨርስ ነበሩ፤ ኋላም ጃርማን ተጨመረ። እነዚህ አራቱ በ1969 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ሄደው «አርት ኤንሰምብል ኦፍ ቺካጎ» ተባሉ፣ በዚያም ከበሮ መቺውን ዶን ሞይን አገኙ። ደወል፣ ፉጨት፣ የሕፃናት መጫወቻ ሳይቀር መድረኩን ሞልተው መጫወታቸው፣ ፊታቸውንም ቀለም መቀባታቸው በብዙ ጸሓፊዎች ስለ ተነገረ እዚህ መዘርዘር አያሻም። በ1971 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ስለ ጽሑፍና ስለ ቅጽበት ፈጠራ ግንኙነት ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የሚቸል «ኖና» የተባለው ድርሰት ታሪክ ነው። አርት ኤንሰምብል ይህን ሥራ በ1973 ዓ.ም. በሸክላ ቀድቶት ነበር። በ1976 ዓ.ም. በስዊስ አገር በቪሊሳው በተደረገ የሙዚቃ በዓል ለብቻው ሳክስፎን እንዲጫወት የተጠራው ሌላው የማኅበሩ አባል አንቶኒ ብራክስተን ነበረ። እርሱ በመቅረቱ ሚቸል በምትኩ ወጣ። ብራክስተንን ሲጠብቅ የነበረው ሕዝብ በቍጣ ተቀበለው። ሚቸልም የ«ኖና»ን መክፈቻ፣ ሰፊ ዝላይ ያለበትን አጭርና ሻካራ ሐረግ፣ ጀመረ፤ ወደሚቀጥለውም ሳያልፍ ያንኑ ደጋግሞ ለብዙ ደቂቃ ነፋ። በተቀዳው ድምፅ ላይ የአዳራሹ ጫጫታና የሳክስፎኑ ድምፅ ሲተናነቁ ይሰማል። ቀስ በቀስ ጫጫታው ወደ አድናቆት ተለወጠ፣ ተጫዋቹም ያን ጊዜ ወደ ፊት አለፈ። ሐረጉ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚደገም የወሰነው ግን ያ ሰዓትና ያ ሕዝብ ነው። በ1977 ዓ.ም. ሚቸል ያንኑ ድርሰት ለአራት ሳክስፎን አዘጋጅቶ አስቀዳው፤ ከአራቱ ነፊዎች አንዱ ጃርማን ነበረ። ከዚያም በኋላ ለሌሎች መሣሪያዎችና ለኦርኬስትራ እየለወጠ ጽፎታል።

ይህን ሥራ ከሁለት ወገን የነቀፉት ነበሩ። ከጃዝ ተቺዎች አንዳንዶቹ ጃዝ አይደለም አሉ፤ አርት ኤንሰምብልም ቢሆን በዚህ ስም ፈንታ «ታላቁ የጥቁር ሙዚቃ» ማለትን መርጧል። የአውሮፓን ሥርዓት የተከተሉት አዲስ ሙዚቃ ደራሲዎች ደግሞ ዕድልንና ያልታሰበውን ድምፅ በድርሰታቸው ቢቀበሉም፣ በቅጽበት መፍጠር የሚለውን ቃል ይሸሹት ነበር። ጆን ኬጅ ሰው ሳይጽፍ ሲጫወት ልማዱንና ምርጫውን ብቻ ያወጣል ብሎ ይተች ነበር፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ በ1965 ዓ.ም. መጨረሻ በቺካጎ ከጃርማን ጋር አንድ መድረክ ላይ ቀርቧል። ሉዊስ በ1996 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ይህን ሽሽት መርምሮ፣ በኬጅና በመሰሎቹ ዘንድ ተጫዋቹ ከሥራው ውስጥ ራሱን እንዲያርቅ ሲፈለግ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ግን የራሱን ታሪክ በድምፁ እንዲናገር እንደሚጠበቅበት አሳይቷል። ክፍፍሉ አንዳንድ ደራሲዎችን በግድ ወደ አንዱ ወገን ይጥላቸዋል ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ የቃሉን መሸሽ ግን ከዚህ የተሻለ ያስረዳ የለም።

የማኅበሩ ሕግ ያስከፈለው ዋጋም አለ። ከአራቱ ጠሪዎች አንዱ የነበረው ኮራን ብዙ ሳይቆይ ተለይቶ የራሱን ጓድ ይዞ ቀጠለ። ለተደራሲው የጣመውም ሁሉ አይደለም፤ በባዶ አዳራሽ የተጫወቱበት ምሽት ብዙ ነው።

ማኅበሩ በተመሠረተበት በ1965 ዓ.ም. የፑሊትዘር ሽልማት የሙዚቃ ዳኞች ለዱክ ኤሊንግተን ልዩ ክብር እንዲሰጠው ሐሳብ አቅርበው፣ የበላዩ ቦርድ ሳይቀበለው ቀርቷል፤ ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ በዚህ ምክንያት ሥራቸውን ለቀቁ። ከ51 ዓመት በኋላ በ2016 ዓ.ም. ይኸው ሽልማት ለማኅበሩ አባል ለሄንሪ ትሬድጊል ተሰጠ። የተሸለመው ሥራ ለአምስት ሰው ጓድ የተደረሰ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የተመደቡለትን የድምፅ ርቀቶች ይዞ በእነርሱ ውስጥ እንዲፈጥር ያዝዛል። ሽልማቱን የሰጡትም የተጻፈውና በቅጽበት የተፈጠረው በአንድነት መጠላለፋቸውን በመግለጫቸው ጠቅሰዋል።

ሚቸል ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ከፒያኖ ተጫዋቹ ከክሬግ ታቦርንና ከከበሮ መቺው ከኪካንጁ ባኩ ጋር ያለ ወረቀት የተጫወተውን «ውይይቶች» በሚል ስም አሳተመ። ቀጥሎም ከቅጂው ጥቂቱ ድምፅ በድምፅ ወደ ኖታ እንዲገለበጥ አደረገ፤ ከዚያም ለኦርኬስትራ ተዘጋጀ። በአንድ ቅጽበት ከሦስት ሰው የወጣው ድምፅ እንዲህ ሆኖ በቫዮሊንና በዋሽንት ተጫዋቾች ፊት በወረቀት ተዘረጋ።