የመጋዘን በር በካርድ ሲከፈት፦ የኤሌክትሮኒክስ በር መቆጣጠሪያ አገጣጠምና የገመድ ዝርጋታ

ይጁቤ፣ በደቡብ በኩል የዓባይ ወንዝ የሚያዋስነው የባሶ ሊበን ወረዳ መቀመጫ ናት። እንደዚህች ባሉ የጎጃም ከተሞች የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ባዶ ሆኖ የሚከርምበት ጊዜ ጥቂት ነው። ክረምት ሳይገባ የአፈር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይገባበታል፤ ከመኸር በኋላ ደግሞ ጤፍና ስንዴ ይከማችበታል። በሩን የሚጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጓጉንቸር ነው፤ ጠንቃቃ ማኅበር ሁለት ያደርግና የአንዱን ቁልፍ ለመጋዘን ኃላፊው፣ የሌላውን ለኮሚቴ አባል ይሰጣል። ጓጉንቸር ግን ማን በስንት ሰዓት እንደከፈተው አይናገርም። በቆጠራ ጊዜ ኩንታል ሲጎድል ጠርጣሪውም ተጠርጣሪውም የአንድ ቀበሌ ሰዎች ናቸው፤ ማስረጃ ስለማይገኝ ነገሩ ከሐሜት አያልፍም።

የኤሌክትሮኒክስ በር መቆጣጠሪያ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ባንኮች፣ ሆቴሎችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ከተጠቀሙበት ቆይተዋል፤ ዋጋው እየቀነሰ በመምጣቱ ዛሬ አነስተኛ ሱቅም ሆነ ማኅበር ሊያስበው የሚችል ነገር ሆኗል። ነገር ግን በትክክል ካልተገጠመ ከጓጉንቸሩ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ሌባን ሳያስቀር ባለቤቱን ደጅ ያስቀራል፤ ከዚያም ሲከፋ ሰው ውስጥ ይቆልፋል።

የመሣሪያው አካላት አራት ናቸው። ካርድ፣ የሚስጥር ቁጥር ወይም የጣት አሻራ የሚቀበለው አንባቢ ከበሩ ውጭ ይሰቀላል። መቆጣጠሪያው የተነበበውን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል፤ ሰዓቱንም ይመዘግባል። ቁልፉ በሩን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚይዘው ክፍል ነው። አራተኛው የ220 ቮልቱን መስመር ወደ 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የኃይል ሳጥን ሲሆን፣ ባትሪም በውስጡ ይይዛል።

ገዢው በቅድሚያ ሊወስነው የሚገባው የቁልፉን ዓይነት ነው። ማግኔት ቁልፍ ከመቃኑ በላይ የሚገጠም ብረት ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ በበሩ ላይ የታሰረውን ሰሌዳ አጥብቆ ይይዛል። በገበያ የተለመደው መጠን ወደ 280 ኪሎ ግራም የሚደርስ ጉተታ ይቋቋማል። መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲያልቅ ግን ይለቃል፤ በሩም ክፍት ይሆናል። የኤሌክትሪክ መወርወሪያ የሚባለው ሌላው ዓይነት በመቃኑ ውስጥ ይቀበራል። አብዛኛው ሥሪቱ ኃይል ሲያጣ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው በሚከፈትበት ቅጽበት ብቻ ነው። ሰው ለሚውልበት ቢሮ፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት በአደጋ ጊዜ የሚለቀው ማግኔት ይሻላል። እህልና ማዳበሪያ ለሚቀመጥበትና ሰው ለማያድርበት መጋዘን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚከፈት በር አያዋጣም፤ መወርወሪያው ይመረጣል። ያም ሆኖ ከውስጥ በእጀታ ብቻ፣ ያለ ካርድና ያለ ኤሌክትሪክ፣ የሚከፈት መሆን አለበት።

ልዩነቱ በባትሪውም ላይ ይታያል። ማግኔት ቁልፍ በ12 ቮልት ግማሽ አምፔር ያህል ያለማቋረጥ ይስባል፤ ከአንባቢውና ከመቆጣጠሪያው ጋር ሲደመር ወደ 0.8 አምፔር ይጠጋል። የተለመደው ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሒሳቡ ሲሠራ ስምንት ሰዓት ከግማሽ በላይ ያስኬዳል፤ ባትሪ እስከ መጨረሻው ጠብታ ስለማይሟጠጥና እያረጀ ስለሚሄድ ግን ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት መገመት ይበጃል። መብራት ከጠዋት እስከ ማታ በሚጠፋበት ቀን ይህ አይበቃም። ሥርዓቱ በ12 ቮልት ስለሚሠራ ባትሪውን በአነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳና በመሙያ መቆጣጠሪያ መሙላት ይቻላል። ማግኔቱ ብቻውን በቀን 12 አምፔር ሰዓት ስለሚበላ፣ በፀሐይ ለሚሠራ መጋዘን አሁንም መወርወሪያው የተሻለ ምርጫ ነው።

ወደ ዝርጋታው ሲገባ፣ የ220 ቮልቱን ክፍል መንካት ያለበት ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ ነው። የኃይል ሳጥኑ የራሱ ብሬከር ይኖረዋል፤ የብረት አካሉም ከመሬት መስመር ጋር ይያያዛል። በደጋው አገር የክረምት መብረቅ የተለመደ ስለሆነ፣ ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ግፊት የሚከላከል መሣሪያ ከብሬከሩ ጎን ማስገጠም ወጪው የሚያስቆጭ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ባለ 12 ቮልት ክፍል ነው። ከአንባቢው ወደ መቆጣጠሪያው ብዙውን ጊዜ አራት ዋና ገመዶች ይሄዳሉ፦ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ፣ አረንጓዴውና ነጩ ደግሞ መረጃ አስተላላፊዎች ናቸው። ይህ አሠራር ዊጋንድ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ልዩ የማግኔት ባሕርይ ያለው ሽቦ ከፈለሰፈው ከጆን ዊጋንድ ነው። አረንጓዴና ነጩ ቢቀያየሩ አንባቢው ድምፅ እያሰማ በሩ አይከፈትም፤ ብዙ ጀማሪ ገጣሚ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ የሚመልሰው በዚህ ስሕተት ነው። የገመዱ ርዝመት ከ150 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከ220 ቮልት መስመር ጋርም በአንድ ቱቦ ውስጥ አይገባም።

ወደ ቁልፉ የሚሄደው ገመድ ውፍረት በቸልታ የሚታለፍ ጉዳይ ነው። መቆጣጠሪያው ከቁልፉ 30 ሜትር ቢርቅና ግማሽ ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ቀጭን ገመድ ቢዘረጋ፣ በመንገድ ላይ ብቻ አንድ ቮልት ያህል ይጠፋል። 12 ቮልት ተልኮ 11 ቮልት ይደርሳል፤ ማግኔቱም ጉልበቱ ይቀንሳል። አንድ ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ብክነቱን በግማሽ ያወርደዋል።

በመቆጣጠሪያው ውስጥ ሪሌይ የሚባል ማብሪያና ማጥፊያ አለ፤ ሦስት መግቢያዎች አሉት። መካከለኛው የጋራ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ በተለመደው ጊዜ ዝግ፣ ሌላው ክፍት ነው። ፖዘቲቩ ከኃይል ሳጥኑ ወደ ጋራው ይገባል። ለማግኔት ቁልፍ ከዝጉ፣ ኃይል ሲያገኝ ለሚከፈት መወርወሪያ ደግሞ ከክፍቱ ይወጣል፤ የቁልፉ ኔጋቲቭ በቀጥታ ወደ ኃይል ሳጥኑ ይመለሳል። በቁልፉ ሁለት ጫፎች መካከል አንዲት ትንሽ ዳዮድ ማሰር ያስፈልጋል። ጥቅልል ሽቦ ኤሌክትሪኩ ድንገት ሲቋረጥበት ወደ ኋላ የሚመልሰው ግፊት የሪሌዩን ጥርስ ያቃጥላል፤ ዳዮዷ ይህን ታስቀራለች። ባለ መስመሩ ጫፏ ወደ ፖዘቲቩ መዞር አለበት። ከተገለበጠች መስመሩን በቀጥታ ታገናኝና ፊውዙን ታቃጥላለች። አንዳንድ ቁልፎች ዳዮዱን በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ፤ መመሪያውን ማንበብ ነው።

ማግኔት በተገጠመበት በር የመውጫ ቁልፉ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ርካሽ ገጣሚዎች ከውስጥ ያለውን የመውጫ ተጫኝ ከመቆጣጠሪያው ጋር ብቻ ያገናኛሉ። መቆጣጠሪያው ቢበላሽ ወይም ቢደርቅ ተጫኙ የሞተ ዕቃ ነው፤ ማግኔቱ ግን ከባትሪው እየሳበ በሩን እንደያዘ ይቆያል። እሳት በተነሣበት ክፍል ይህ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ከመቆጣጠሪያው ነፃ የሆነ፣ የማግኔቱን የኃይል ገመድ ራሱን የሚቆርጥ ሁለተኛ የአደጋ ጊዜ ተጫኝ ከውስጥ በኩል መኖር አለበት። ይህ የሌለውን ሥራ ባለቤቱ አልረከብም ማለት ይችላል፤ ማለትም ይገባዋል።

የበሩ አሠራር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የባሕር ዛፍ በር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይጣመማል። የላሜራ በርም ማጠፊያው ሲላላ ያዘነብላል። የማግኔቱ ሰሌዳ ከፊቱ ጋር ልጥፍ ካላለ ከጉልበቱ አብዛኛውን ያጣል፤ የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት እንኳ ይታወቃል። በዚህ ምክንያት ሰሌዳው ከመሐሉ ጎማ ገብቶለት በትንሹ ላላ ብሎ ይታሰራል እንጂ ጥርቅም ተደርጎ አይጠብቅም። በጭቃ ግድግዳ ላይ ደግሞ መቃኑ ራሱ ከተነቃነቀ ቁልፉ ምንም አያደርግም፤ በሩን ሳይሆን መቃኑን ገፍቶ መግባት ይቻላልና።

መጋዘንን ከከተማ ቢሮ የሚለየው በውስጡ ያለው አየር ነው። ነቀዝን ለማጥፋት የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን የሚያወጣው ፎስፊን ጋዝ ለሰው ገዳይ መሆኑን አብዛኛው አርሶ አደር ያውቃል። መዳብን እንደሚበላ ግን ብዙም አይነገርም። የገመድ ጫፎች፣ የሪሌይ ጥርሶችና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች በዚህ ጋዝ ይጠቁራሉ፣ ይበላሻሉ። የማዳበሪያ ብናኝም እርጥበት ስቦ ብረት ያዝጋል። መቆጣጠሪያውና የኃይል ሳጥኑ እንግዲህ ከመጋዘኑ ውስጥ ሳይሆን ከጎን ባለው ቢሮ መሰቀል አለባቸው። ገመዱም አይጥ እንዳይቆረጥመው በብረት ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ቱቦ ያልፋል። መጋዘኑ በጋዝ በታሸገባቸው ቀናት የሁሉንም ካርድ ለጊዜው ማገድ ይቻላል፤ ይህ የመሣሪያው ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ከማሸጉ በፊት ውስጥ ሰው አለመቅረቱን በዓይን ማረጋገጥን አይተካም።

አንባቢውና መቆጣጠሪያው በአንድ ዕቃ የተሠሩበት ርካሽ ዓይነት በየሱቁ ይሸጣል። ለቤት ውስጥ ክፍል ምንም አይል፤ ለመጋዘን ግን አይመከርም። ሪሌዩ ከውጭ በተሰቀለው ዕቃ ውስጥ ስለሆነ፣ በመፍቻ አውልቆ ሁለት ገመድ ያገናኘ ሁሉ ይከፍተዋል። ፋብሪካው የሰጠውን ዋና የሚስጥር ቁጥር ሳይቀይሩ መተውም በሩን ሳይቆልፉ እንደመሄድ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ በመመሪያው ላይ ታትሞ ስለሚገኝ ማንም ያውቀዋል።

ካርድ ወይስ አሻራ ለሚለው ጥያቄ የገጠሩ መልስ ከከተማው ይለያል። ሞፈርና ዶማ የያዘ፣ በአጨዳ የቆየ እጅ መስመሩ ይፋቃል፤ አንባቢው በሩን ሊከለክለው ይችላል፤ ጥፋቱም የሰውየው አይደለም። ለእንደዚህ ያለ ተጠቃሚ ካርድ ይሻላል፤ በ125 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራው ተራ ካርድ በቀላሉ ስለሚቀዳ በ13.56 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራውንና ምስጠራ ያለውን መምረጥ ይበጃል። አሻራ የሚሰበስብ ማኅበር ደግሞ በ2016 ዓ.ም የወጣውን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን ማስታወስ አለበት። አባል ሲለቅ አሻራው ከመዝገቡ መሰረዝ ይኖርበታል።

ብዙ መቆጣጠሪያዎች በሩ ሁለት ካርድ ተከታትሎ ካልተነበበ እንዳይከፈት ማድረግ ያስችላሉ። ይህ የሁለቱን ጓጉንቸር ልማድ ሳያፈርስ የሚተካ ነው፦ የመጋዘን ኃላፊውና የቁጥጥር ኮሚቴው ተወካይ አብረው ካልተገኙ በሩ አይከፈትም።

ሰዓቱ ሲሞላ ስሕተት ይበዛል። መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው፤ ከጠዋቱ 2፡30 ሥራ የሚጀምር መሥሪያ ቤት 8፡30 ብሎ፣ ከቀኑ 11፡30 የሚዘጋም 17፡30 ብሎ ማስገባት ይኖርበታል። በመዝገቡ 19፡00 ተብሎ የተጻፈው ከምሽቱ 1፡00 ነው። ይህን ያልተረዳ ኮሚቴ ንጹሕ ሠራተኛን በሌሊት ገብቷል ብሎ ሊከስስ ይችላል። በዓላትም እንዲሁ ናቸው፤ መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ሲሆን፣ በየአራት ዓመቱ ወደ 12 ይዞራል።

ርክክብ ከመፈጸሙ በፊት ዋናው ብሬከር ወርዶ በሩ ምን እንደሚያደርግ ይታያል፤ ከዚያም የባትሪው ገመድ ይነቀላል። አንድ ሰው ውስጥ፣ ሌላው ውጭ ቆሞ፣ ውስጥ ያለው መብራት ጠፍቶ በጨለማ በእጁ ዳስሶ መውጫውን ማግኘት መቻሉ ይሞከራል። የሜካኒካል መጠባበቂያ ቁልፉ በታሸገ ፖስታ፣ ፊርማ ተደርጎበት፣ በማኅበሩ ካዝና ይቀመጣል። የገመዶቹ ንድፍ ደግሞ ተስሎ በኃይል ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጠፋል፤ ለጥገና የሚመጣው ሰው የገጠመው ባለሙያ ላይሆን ይችላል።