«ምናባዊ ማሽን» ሳይሆን እንደራሴ ኮምፒውተር

የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ በኮምፒውተር የምትነድፍ ወዳጄ ሰሞኑን ወደ አማርኛ የተመለሰ መመሪያ ይዛ መጣች። «በማክ ኮምፒውተርዎ ላይ ምናባዊ ማሽን ይፍጠሩ፤ ከዚያም ዶንግሉን ወደ ምናባዊው ያዛውሩ» ይላል። ደግማ አነበበችውና «የሌለ ኮምፒውተር ላይ እንዴት አድርጌ ነው የምሠራው?» አለችኝ። ልክ ናት። ያደናገራት ቴክኖሎጂው ሳይሆን «ምናባዊ» የሚለው ቃል ነው።

ምናብ የልብ ወለድ ጸሐፊ አገር ነው። «ምናባዊ» ስንል በሐሳብ እንጂ በተጨባጭ የሌለ ማለታችን ነው። «ምናባዊ» ተብሎ የተተረጎመው ቨርቹዋል ግን ሥሩ የላቲኑ ቪርቱስ ነው፤ ኃይል፣ ብርታት ማለት። በአካል ባይታይም በሥራው፣ በሚያስከትለው ውጤት ያለ ነገር ነው ቨርቹዋል። አይቢኤም በ1972 እ.ኤ.አ. ቪኤም/370ን ሲያወጣ አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር ብዙ ሰዎች ይጋሩት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ግን የራሱ ሙሉ ኮምፒውተር የተሰጠው ያህል ይሠራለት ነበር። የተሰላው ስሌት እውነተኛ ስሌት ነው። እዚህ ውስጥ ምናቡ የቱ ጋ ነው?

ሌሎች የቀረቡ ቃላትም አሉ። «እውን መሰል» ከምናባዊ ይሻላል፤ ግን «መሰል» ሲባል ማስመሰል ይከተላል። «ምስለ» በበኩሉ ሥራ ይዟል፤ የአብራሪዎችን መለማመጃ ምስለ በረራ እንለዋለን፣ እሱ ደግሞ ከመሬት አይነሳም። «ግብራዊ» የሚል ሐሳብ እኔም ዘንድ መጥቶ ነበር። ግብር በግእዝ ሥራ ነውና ለቪርቱስ እጅግ ይቀርባል፤ የዛሬ አንባቢ ግን ግብር ሲባል የሚታየው ገቢዎች መሥሪያ ቤት ነው። «ምስለኔ»፣ ማለትም የሹም ወኪል፣ ልቤን ማርኮት ነበር። ሆኖም በባላገሩ ትዝታ ውስጥ ያለበትን ሸክም ሳስብ ተውኩት።

እኔ የምመርጠው እንደራሴን ነው። ቃሉ ራሱን ይፈታል፦ እንደ ራሴ። በባለቤቱ ቦታ ቆሞ በሙሉ ሥልጣን የሚሠራ ማለት ነው። ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲሆኑ ዙፋኑ ላይ የተቀመጡት ንግሥት ዘውዲቱ ነበሩ፤ የእንደራሴው ትእዛዝ ግን ይፈጸም ነበር። ቨርቹዋል ማሽንም ይኸው ነው። የራሱ ብረትና ሽቦ የለውም፤ ከማኩ ፕሮሰሰርና ማኅደረ ትውስታ ተከፍሎ በተሰጠው ድርሻ ግን እንደ አንድ ሙሉ ኮምፒውተር ይሠራል።

ዶንግልንም ማኅተም እንበለው። ቁልፍ የሚሉት አሉ፤ ነገር ግን ቁልፍ ኪቦርዱም ላይ ሞልቷል። ይህች በዩኤስቢ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ በር አትከፍትም። ሶፍትዌሩ በሕጋዊ መንገድ መገዛቱን ትመሰክራለች፤ ሶፍትዌሩም እሷን ካላየ አልሠራም ይላል። የማኅተም ሥራ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ቃላቱ ከተስተካከሉ የወዳጄን ችግር ማስረዳት ቀላል ነው። የጥልፍ ሶፍትዌሯ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። አፕል ከኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማኮቹን ከኢንቴል ወደ ራሱ፣ የአርም ዓይነት ወደሆነው ቺፕ ማዞር ስለጀመረ፣ ቀድሞ በቡት ካምፕ ዊንዶውስን በቀጥታ መጫን የሚቻልበት መንገድ በአዲሶቹ ላይ የለም። ስለዚህ ፓራለልስን በመሰለ ሶፍትዌር እንደራሴ ይሾማል፤ በእሱም ላይ ለአርም ቺፕ የተሠራው ዊንዶውስ ይጫናል። ለኢንቴል የተጻፈውን የጥልፍ ሶፍትዌር ይህ ዊንዶውስ እየተረጎመ ያሠራዋል። ማኅተሟ ደግሞ ከማኩ እጅ ወጥታ ለእንደራሴው መሰጠት አለባት፤ በአንድ ጊዜ በሁለቱም እጅ አትሆንም። እስከዚህ ድረስ ወዳጄ ተሳክቶላታል። ቀሪው ድራይቨሩ ነው፤ ዊንዶውስን ከማኅተሟ ጋር የሚያነጋግረው። ዊንዶውስ ተራውን ሶፍትዌር ይተርጉም እንጂ በሥርዓቱ እምብርት የሚገባ ድራይቨር አይተረጉምም፤ ለአርም ተብሎ የተጻፈ መሆን አለበት። የእሷ ማኅተም አሮጌ ናትና ድራይቨሯ የኢንቴል ብቻ ነው። ከአዲሶቹ ማኅተሞች አንዳንዶቹ ግን እንደ ኪቦርድና ማውዝ ዊንዶውስ ራሱ በያዘው ድራይቨር ስለሚሠሩ ይህ ችግር አይነካቸውም። እሷም ማኅተሟን እንዲለውጡላት ለሶፍትዌሩ ባለቤቶች ጽፋለች።

እንደራሴ ግስ አይወጣለትም የሚል ሙግት ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ግን «እንደራሴ መሾም» እያለ ለመናገር አማርኛ አይቸግረውም። ቨርቹዋል ሜሞሪም እንደራሴ ማኅደረ ትውስታ ሲባል ያምራል፤ ቦታው ሲጠብ ዲስኩ ተተክቶ የሚሠራበት ነውና። በመነጽር የሚታየውን ቨርቹዋል ሪያሊቲ «ምናባዊ እውነታ» የሚሉትን ግን አልከራከርም፤ እዚያ የሚታየው ዓለም ከምናብ የተሠራ ነው።