የከተማ ጐርፍ ልክ እንዴት ሊታወቅ ቻለ?

ጐርፍ ካለፈ በኋላ ምን ያህል እንደ ነበር መናገር ቀላል ነው፤ በግድግዳ ላይ የተወውን የጭቃ ምልክት አይቶ ማንም ሊፈርድ ይችላል። አስቸጋሪው ነገር ጐርፉ ሳይመጣ ልኩን መገመት ነው። ድልድይ የሚያሠራ፥ የውኃ መውረጃ ቦይ የሚያስቈፍር፥ ለሕዝብ የቤት መሥሪያ ቦታ የሚመራ ሹም ሁሉ የሚያስፈልገው ግን ይኸው አስቀድሞ የሚደረገው ግምት ነው። ስለዚህ ዕውቀቱ በምን አኳኋን እንደ ተገኘ ባጭሩ ለመመልከት እንወዳለን። የውጭ አገሩን ታሪክ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የዝናም ውኃውን ወደ አንድ መውጫ የሚያወርድ ምድር ተፋሰስ ይባላል። በአየርላንድ የሕዝብ ሥራ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ የነበረው ቶማስ መልቫኒ በ1851 ዓ.ም. ገደማ ባቀረበው ጽሑፍ አንድ ታላቅ ሐሳብ ገለጠ። ይኸውም ከተፋሰሱ ዳር የወደቀው ውኃ እስከ መውጫው ለመድረስ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ዝናሙ ከዚያ በፊት ካባራ የቅርቡ ውኃ አልፎ ከሄደ በኋላ የሩቁ ይደርሳልና ሁለቱ አይገናኙም፤ እስከዚያ ጊዜ ከዘለቀ ግን የሩቁም የቅርቡም ባንድነት ተገናኝቶ ጐርፉ ከከፍተኛው ልክ ይደርሳል። ይህንም ለማረጋገጥ ዝናምንና ጐርፍን በራሳቸው የሚመዘግቡ መሣሪያዎች እንዲተከሉ አሳሰበ።

በዚያው ዘመን ለንደን በቆሻሻ ውኃ ተጨንቃ ነበር። በ1858 ዓ.ም. የቴምዝ ወንዝ ክፉ ሽታ የሕግ መምሪያውን ምክር ቤት ሥራ እስከ ማወክ ስለ ደረሰ፥ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት በማግሥቱ ዓመት ታላላቅ የመሬት ውስጥ ቦዮችን ማሠራት ጀመረ። ለዝናም የመደበው ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ሩብ ኢንች፥ ማለት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚህ የሚተርፈው ወደ ወንዙ እንዲፈስስ መውጫ አበጀለት። ይህ ልክ ለካፊያ ቀን ይበቃል፤ ለዶፍ ግን አይበቃም። ከተማይቱም እየሰፋች በሄደች መጠን ወደ ወንዙ የሚተርፈው ውኃ እየበዛ ሄደ፤ በመጨረሻም ለንደን 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ቈፍራ በ2025 ዓ.ም. ከነባሮቹ ቦዮች ጋር ሙሉ በሙሉ አገናኘችው።

የከተማን ጐርፍ በልዩ የመረመረው ኤሚል ኩይችሊንግ ነው። ይህ መሐንዲስ በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ የዝናሙን መዝገብ ከቦዮቹ ፍሰት ጋር አስተያይቶ፥ ውጤቱን በ1889 ዓ.ም. አሳተመ። ያገኘውም፥ ከዝናሙ ወደ ቦይ የሚገባው እጅ ውኃ የማይሰርጽበት ገጽ፥ ማለት ጣራና የጐዳና ንጣፍ፥ ከቦታው ከያዘው እጅ ጋር ተቀራራቢ መሆኑን ነው። የዝናሙን ብርታት፥ የቦታውን ስፋትና ይህን እጅ አንድ ላይ ማባዛት ዛሬም ድረስ መሐንዲሶች ለጠባብ ተፋሰስ የሚገለገሉበት ስሌት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። 100 ሄክታር በሆነ ቦታ ላይ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዝናም ወረደ እንበል። ቦታው ሣርና ዛፍ የሞላበት ሆኖ ከዝናሙ 3 ዐሥረኛው ብቻ ቢወርድ፥ በመውጫው በየሴኮንዱ የሚያልፈው 5 ሜትር ኩብ ነው። በዚያው ቦታ ቤትና አስፋልት በዝቶ 8 ዐሥረኛው ቢወርድ ግን 13 ሜትር ኩብ ያልፋል። ከዚህም በላይ ውኃው በለሰለሰ ንጣፍ ላይ ፈጥኖ ስለሚደርስ፥ ዐጭር ጊዜ የሚቈይ ብርቱ ዶፍ ብቻውን ከተፋሰሱ ሁሉ ውኃ ለማሰባሰብ ይበቃል። እንግዲህ ሰማዩ ምንም ሳይለወጥ፥ በድልድዩም ላይ ማንም እጁን ሳያነሣ፥ ትናንት የበቃው ድልድይ ዛሬ ያንሳል ማለት ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ዐይነቱ ነገር ይስማማል።

በአገራችንም ምስክር አለ። በኛ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት፥ በአብዛኛው ወራት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው የድሬዳዋው ደቻቱ በደጋው በወረደው ዝናም ሞልቶ፥ ከ200 በላይ የሚሆኑ ሰዎችን ሕይወት አጠፋ። ከዚህ የምንማረው፥ ግምቱ በከተማው ወሰን ብቻ ሊቈም የማይገባው መሆኑንና የደረቀ ወንዝም ባለቤት የሌለው ባዶ ቦታ አለመሆኑን ነው። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ሥር የተቈረቈረችው አዲስ አበባም ቀበናንና ግንፍሌን የመሳሰሉትን ወንዞች በመካከልዋ ይዛ በየጊዜው ጣራና ንጣፍ ትጨምራለች፤ የጨመረችውም ሁሉ በወንዞቹ ላይ የተጫነ ዕዳ ነው።

ስለዚህ የጐርፍ ግምት አንድ ጊዜ ተሠርቶ በመዝገብ ቤት የሚቀመጥ ወረቀት አይደለም። አዲስ ሰፈር በተመራ ቍጥር ታችኛው ቦይና ድልድይ እንደ ገና ሊሰላ ይገባዋል። ዝናሙን በየዕለቱ እየለካ የሚጽፈው ሠራተኛም ሥራው የማይታይለት ቢሆን፥ እርሱ ሳይጽፍ ያለፈውን ዶፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊለካው የሚችል መሐንዲስ የለምና፥ የወገኖቻችን ሕይወት በብዕሩ የተጠበቀ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባንም።