ከአልጋ ቁራኛነት ወደ ሰው መካከል፦ የአረጋውያን ነርሲንግ አጀማመር በእንግሊዝ

በ1935 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ለንደን የሚገኘው ዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል፣ ለችግረኞች እርዳታ በወጣው የድሆች ሕግ ይተዳደር የነበረውን አጎራባች የሕሙማን ማቆያ ሲረከብ፣ ሐኪሟ ማርጆሪ ዋረን በቂ ምርመራ ሳይደረግላቸው ለዓመታት የአልጋ ቁራኛ ሆነው የቀሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንን አገኙ። ዋረን እያንዳንዱን መርምረው እንደየሁኔታው ከመደቡ በኋላ፣ ነርሶችና የፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ባለሙያዎች በአንድነት የሚሠሩበትን ሥርዓት ዘረጉ፤ ብዙዎቹም ተነሥተው ለመራመድ፣ አንዳንዶቹም ወደ ቤታቸው ለመመለስ በቁ። ታሪኩ ዘወትር በሐኪሟ ስም ቢነገርም፣ አረጋዊውን በየማለዳው ከአልጋ የሚያነሡት፣ ራሱን ችሎ እንዲለብስ የሚያበረታቱትና የሚያናግሩት ነርሶች በመሆናቸው፣ የእነርሱ ድርሻ እኩል ሊወሳ ይገባል።

ከሆስፒታል ውጭ ደግሞ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪው ፒተር ታውንሴንድ፣ በለንደኑ የቤትናል ግሪን ሰፈር ስለሚኖሩ አረጋውያን በ1957 ባሳተሙት ጥናት፣ መገለልን፣ ማለትም ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት ማነሱን፣ ከብቸኝነት፣ ማለትም ሰውየው ራሱ ከሚሰማው የባዶነት ስሜት፣ ለይተው አሳዩ። ይህ ልዩነት ለነርስ ትልቅ ትርጉም አለው፤ የጠያቂዎችን ብዛት መቁጠር መገለልን ሲያመለክት፣ ብቸኝነት ግን የሚታወቀው አረጋዊውን ጠይቆ በማዳመጥ ብቻ ነውና። በ1962 ደግሞ ነርሷ ዶሪን ኖርተን ከባልደረቦቻቸው ጋር በሆስፒታል ስላሉ አረጋውያን እንክብካቤ ያሳተሙት ጥናት፣ የአረጋውያን ነርሲንግ ራሱን የቻለ የምርምር መስክ እንዲሆን መንገድ ከፈተ።