የስኮትላንድ የአደን ርስትና የጸደይ እሳት

በስኮትላንድ ደጋ ክረምቱ አልፎ ጸደይ ሲጠባ፣ የአደን ርስት ጠባቂዎች ቀዳሚ ተግባር፣ ከአስታ ወገን የሆነውን ሄዘር የተባለ ቁጥቋጦ፣ ላዩ ደርቆ ሥሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ የነፋሱን አነፋፈስ መርምረው ማቃጠል፣ ዳር ዳሩንም በቅጠል እየመቱ ማጥፋት ነበር።

ግራውስ የተባለችው ቆቅ መሰል ወፍ ከቃጠሎው በኋላ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ቀንበጥ ትመገባለች፤ እንቁላሏን የምትሸሽገው ግን ባረጀው ቁጥቋጦ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖር ታላቅ ጥበብን ይጠይቃል። እረኞች አስቀድመው ለበጎቻቸው ግጦሽ ያቃጥሉት የነበረው ይኸው ምድር፣ በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ይልቁንም የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተሰብ በ1852 እ.ኤ.አ. ባልሞራልን ከገዛ ወዲህ፣ የመኳንንት ማደኛ ሆኖ ገነነ፤ በዚያው ዘመን ከደጋው የተፈናቀሉት ገበሬዎች መከራ ግን ከዚህ ታሪክ ተነጥሎ ሊነገር አይገባውም። በ1911 እ.ኤ.አ. በሎርድ ሎቫት የተመራው የግራውስ በሽታ መርማሪ ጉባኤ መጽሐፉን ሲያወጣ፣ ሰፊውን ቃጠሎ ትተው በትንንሽ መደብ እንዲያቃጥሉ ባለርስቶቹን መከረ።